ሱፍ ወይስ ሹራብ

ልብስ ሰፊው ሜትር አይወድም። እርግጥ እንደ ማንኛውም የሙያ ባልደረባው ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ግን ለጌጥ ነው። ደንበኛ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ከደፉ እስከ መስታወቱ ባለችው አምስት እርምጃ ውስጥ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ የእጁን ርዝመትና ሊደብቀው የሚሞክረውን ቦርጩን ሳይቀር በዓይኑ ለክቶ ይጨርሳል። በሰላሳ አራት ዓመት ውስጥ ተሳሳተ የተባለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ሰውየው ከተለካ በኋላ ታሞ ከስቶ ነው፤ ስለ ሁለተኛው ማውራት አይፈልግም። ሰፈርተኛው «ዓይነ ሜትር» ይለዋል። ሲጠሩት እንዳልሰማ ይሆናል፤ ደስ እንደሚለው ግን ጆሮው እየቀላ ያሳብቅበታል።

ያለ ኮት ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። ፀሐዩ አናት ቢበሳም ኮት፣ ዳቦ ቤት ለመሄድም ኮት። «የሱቄ ማስታወቂያ ነው» ይላል። እውነተኛውን ምክንያት የምታውቀው ሚስቱ ናት፤ ነገሩ ወዲህ ነው፣ ሸሚዙ ለሰው የሚታይ አይደለም። ለራሱ ሸሚዝ መስፋት ጊዜ ማባከን ስለሚመስለው ኮሌታውንና የእጅጌውን ጫፍ ብቻ ያሳምርና ጀርባውን ከሱቁ ወለል ላይ በለቃቀመው ቁርጥራጭ ጨርቅ ይጠግነዋል። ግራጫ አለ፣ ቡናማ አለ፣ ባለመስመር አለ፤ በመሃላቸው ደግሞ መዳፍ የምታህል አንዲት አረንጓዴ አለች።

«ከፊት ሲያዩህ ሚኒስትር፣ ከኋላ ሲያዩህ የገበያ ድንኳን» ትለዋለች ሚስቱ።

«ከኋላ ማን ያየኛል?» ይላል ኮቱን እየደረበ።

ነገሩ የተበላሸው አንዲት ልጁ ልታገባ ስትነሳ ነው። ልጅቷ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተገነጠሉ መጻሕፍትን መልሳ የምትጠርዝ ባለሙያ ናት፤ የምታገባውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሰርጉ የት ይሁን የሚለው ያለ ጭቅጭቅ አለቀ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው የአትክልት ቦታ፣ ዛፎቹ ሥር። የቀረው ልብሱ ነበር። ልጅቷ አንድ እሁድ ምሳ ላይ አነሳችው።

«አባዬ፣ ሰርጉ ላይ ሱፍ አልፈልግም።»

«ሱፍ ስትይ?»

«ሱፍ ነዋ። ኮት፣ ከረባት፣ ምናምን። ሁሉም ሰው እንደሚመቸው ለብሶ ይምጣ። ሸሚዝም ይሁን ሹራብ።»

«ሹራብ!» አለች ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀምጣ። «ሰርግ ነው ወይስ ጉንፋን የያዛቸው ሰዎች ስብሰባ?»

ልብስ ሰፊው ግን ልጁን አያት። ይህች ልጅ እኮ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተኝታ ያደገች ናት። ቀለም የለየችው በክር ጥቅል ነው። ሰባት ዓመቷ ላይ መንገድ ተሻግሮ የሚሄድ ሰው እያየች «አባዬ፣ የዚያ ሰውዬ ኮሌታ ተጣሟል» ትል ነበር።

«ለምን?» አላት በመጨረሻ።

«እንዲሁ» አለችና ሳህኗን አንስታ ወደ ማጠቢያው ሄደች።

እንዲሁ። ልብስ ሰፊው ይህችን ቃል ለሁለት ሳምንት ያህል እንደ ጠጠር ጫማው ውስጥ ይዟት ዞረ። ካውያውን ሲያግል እንዲሁ፣ የቁልፍ ቀዳዳ ሲሰፋ እንዲሁ። እንዲሁ የሚባል ነገር የለም። ከዚህም ከዚያም ካገላበጠው በኋላ አንድ መልስ ብቻ ቀረችው፤ አፍራብኛለች። የመጻሕፍት ሰዎች መሃል ውላ ስትገባ የአባቷ ሙያ አነሰባት። ሱፍ ከሌለ ደግሞ ማንም «የማን ሥራ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ማንም ካልጠየቀ አባትየው ማንም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲያስብ ሆድ ባሰው። ቤቱ ሣጥን ውስጥ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት የገባች ዓመት ገዝቶ ያስቀመጠው ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ አለ፤ በሰርጓ ቀን የሚለብሰውን ኮት ሊሰፋበት። አሁን ያን ጨርቅ አውጥቶ ማየት እንኳ አቃተው።

ሚስቱ በበኩሏ አልተኛችም። ሃያ ዓመት የመሥሪያ ቤት ስልክ አገናኝ ሆና የሠራች ሴት ናት፤ ስልክ ከያዘች የሚያስጥላት የለም። የጥሪ ካርዱ ላይ ልጅቷ «እንደሚመቻችሁ ለብሳችሁ ኑ» ብላ አሳትማለች፤ እናትየው ደግሞ ከካርዱ ኋላ ኋላ እየተከተለች ትደውላለች። «እሱን ተዉት፣ የልጅ ነገር ነው። ሱፍ ነው የሚለበሰው።»

ልብስ ሰፊው ለልጁም እሺ፣ ለሚስቱም እሺ አለ። ደንበኞቹ ሱቅ ጎራ እያሉ «ምን ለብሰን እንምጣ?» ሲሉት፣ ጠዋት ከሆነ «እንደሚመቻችሁ» ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ሆድ ሲብሰው «ኧረ ሱፍ ነው እንጂ!» ይላል። ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ሦስት ጊዜ ጠይቆት ሦስት ዓይነት መልስ አገኘና፣ «ወንድሜ፣ እኔ ሁለቱንም ለብሼ እመጣለሁ፤ እዚያ ስደርስ የማይፈለገውን ታስወልቀኛለህ» አለው።

ግራ መጋባቱ እንዲህ እንዳለ የሙሽራው አባት ለምሳ ጠራቸው። ሰውየው ቀለም ቀቢ ነበር። በተለይ ጣሪያ መቀባት ላይ የሚያክለው አልነበረም ይባላል፤ አሁን ሥራ ትቷል። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ከሰውነቱ የሚሰፋ፣ ከፊት ለፊት በቁልፍ የሚዘጋ አሮጌ ሹራብ ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ተቀበላቸው።

የልብስ ሰፊው ዓይን ሥራውን ጀመረ። ትከሻ ሰፊ፣ ጫፉ ትንሽ ወደፊት የዞረ። ደረት ጥሩ። ቀኝ እጅ ከግራው ሁለት ጣት ያጥራል። ሹራብ፣ ሹራብ፣ ሹራብ። ሰውየው ሲበላ ማንኪያውን ወደ አፉ ከማንሳት ይልቅ ራሱን ወደ ሳህኑ ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ልብስ ሰፊው ዓይነ አፋር ነው ብሎ አለፈው። መደርደሪያው ላይ የነበረውን የዳቦ ቅርጫት ሰውየው ሳይነሳ ሙሽራው ልጁ ተሽቀዳድሞ አወረደው፤ ልጁ ሥነ ሥርዓት ያለው ነው ብሎ አለፈው። ዓይኑ ልኬት እንጂ ሌላ ነገር ማየት አልለመደም።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተሰብ ፎቶ ሲያይ ግን ነገሩ ሁሉ የበራለት መሰለው። እዚያም ሹራብ! ሰውየው ሱፍ የለውም! ልጅቷ «እንዲሁ» ያለችው አማቷ እንዳያፍር ብላ ነው፤ በአባቷ አላፈረችም! ልብስ ሰፊው ደስታው መቀመጫ አሳጣው። ወደ ቤት ሲመለሱ እያፏጨ መሄዱ ሚስቱን እንኳ ገረማት።

በማግስቱ ጥቁር ሰማያዊውን ጨርቅ ከሣጥኑ አወጣ። በራሱ ልክ ሳይሆን በቀለም ቀቢው ልክ፣ ሜትር ሳይነካ፣ በዓይኑ ትዝታ ቆረጠው። ስድስት ቀን የሱቁን መጋረጃ ጋርዶ ሰፋ። ቀኝ እጅጌውን ሁለት ጣት አሳጠረ። ገበሩን እንደ ውሃ የሚንሸራተት አደረገው። እንደዚህ ያለ ኮት ለማንም ሰፍቶ አያውቅም። በሰባተኛው ቀን በወረቀት ከረጢት አድርጎ ሄደና፣ ሰውየው እቤት ስላልነበረ የበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሎለት ተመለሰ። ለማንም አልተናገረም። ድንገት ሲያዩት እንዲደነቁ ነበር ሐሳቡ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ ሱቁ ገባች። ጣቷ ላይ የመጽሐፍ ሙጫ ደርቋል። ሥራ ጥላ ነው የመጣችው።

«አባዬ፣ ምን ነካህ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ለአማቴ ኮት ላክህለት።»

«ልኩ አልሆነም?» አለ ልብስ ሰፊው ደንግጦ።

«ልኩማ ልክ ነው! ልክ መሆኑ ነው ችግሩ!» አለችና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ትከሻው እኮ አይነሳም፣ አባዬ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጣሪያ ሲቀባ ነው የኖረው፤ አሁን ሁለቱም እጁ ከደረቱ በላይ አይወጣም። ወደ ኋላማ ጭራሽ አይሄድለትም። ድሮ የምታለብሰው ሚስቱ ነበረች። አሁን ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እንደምንም ይገባበታል። ያንተን ኮት ብቻውን ሊለብስ ሞከረ። ግራ እጁ ገባ። ቀኙ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ወደፊትም ወደ ኋላም አልል አለ፤ ኮቱ ከኋላ ጠፍንጎ ያዘው። ልጁ ለምሳ እስኪመጣ ድረስ አልጋው ላይ እንደዚያ ሆኖ ተቀምጦ ዋለ።»

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ።

«ሰርጉ ላይ አልመጣም፣ ታመመ በሉ ብሏል» አለች ልጅቷ። «የልጁን ሰርግ!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምሎኝ ነዋ። ‹ለፈለግሽው ሰው ንገሪ፣ ለዚያ ልብስ ሰፊ ግን አትንገሪ፤ እንደ ተቀደደ ኮት ያየኛል› አለኝ። ሱፍ አልፈልግም ስልህ እሺ ብለህ ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

ልብስ ሰፊው ሊጠይቃት የፈለገው ሌላ ነበር። ታዲያ በእኔ አላፈርሽም? ነበር ሊል የፈለገው። ግን ሰው አስለቅሶ ስለራሱ መጠየቅ አሳፈረው። ልጅቷም ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ቀለም ቀቢው ቤት ሄደ። በመንገዱ ሁሉ የሚለውን ሲያጠና ቢሄድም፣ በሩ ሲከፈት ያጠናው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ኮቱ ወንበር መደገፊያ ላይ በጥንቃቄ ተሰቅሏል። ቀለም ቀቢው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ሥራው ድንቅ ነው» አለ ሰውየው። «እንዲህ ያለ ኮት በዕድሜዬ ለብሼ አላውቅም። አሁንም አልለበስኩም።»

«ይስጡኝ፣ ከብብቱ ላስፋው። እጅጌውን ልፍታው።»

«ኧረ ይተዉት። ኮቱ ምን አጠፋ?»

«ሰርጉስ?»

ቀለም ቀቢው ወደ ጣሪያው አየ። ቤቱ ውስጥ በደንብ የተቀባው እሱ ብቻ ነበር።

«እኔ እንጃ። ልጅዎ ‹ሹራብዎን ለብሰው ይምጡ› አለችኝ። ባለቤትዎ ደውለው ‹ሱፍ ነው የሚለበሰው› አሉኝ። እርስዎ ደግሞ ኮት ላኩልኝ። እስቲ የቱን ልስማ?»

«እኔም ግራ ገብቶኛል» አለ ልብስ ሰፊው። ከሁለት ወር ወዲህ የተናገረው እውነተኛ ነገር ይህ ብቻ ነበር።

ኮቱን በከረጢት ይዞ ተመለሰና ሱቁ ውስጥ ሰቀለው። ሚስቱን «ስልኩን አስቀምጪ» አላት፤ እሷም ነገሩን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች። ወዲያው ደግሞ ለሁሉም መልሳ መደወል ጀመረች። «ሱፍ ያልኩትን ተዉት፤ እንደሚመቻችሁ።» ይሄኔ ሰዉ ሁሉ ይባስ ዞረበት። ገሚሱ ሁለተኛውን ስልክ ሰማ፣ ገሚሱ አልሰማም፤ የሰማውም አላመነም።

የሰርጉ ቀን የአትክልቱ ቦታ ጉድ ሆኖ ዋለ። የልብስ ሰፊው ደንበኞች «ለዓይነ ሜትር ልጅ ሰርግ ያለ ሱፍ ይመጣል እንዴ?» ብለው አንድ ሳይቀሩ ኮትና ከረባት ግጥም አድርገው መጡ። የሚስቱ የድሮ ባልደረቦች፣ ስልኩን አምነው፣ በነጠላ ጫማ። ጫማ ሰፊው እንዳለው ኮቱን ከሹራቡ ላይ ደርቦ በላብ ተጠምቋል። ሙሽራው ሸሚዙን ክንዱ ድረስ ጠቅልሎ የመብራት ገመድ ያስተካክላል። ልጅቷ ቀለል ያለ ነጭ ቀሚስ ለብሳ እንግዳ እየተቀበለች፣ በየደቂቃው ዓይኗን ወደ አጥሩ በር ትወረውራለች። ልብስ ሰፊውም ከእሷ ዓይን ኋላ እየተከተለ በሩን ያያል። እሱ ራሱ ምን እንደሚለብስ ሲያወጣ ሲያወርድ አርፍዶ፣ መጨረሻ ላይ እጁ እንደለመደው የዘወትር ኮቱን አንስቶ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀለም ቀቢው መጣ። ያው ሹራብ ነው፤ ታጥቦ ተተኩሷል፣ ቁልፉም እስከ ደረቱ ተቆልፏል። በሩ ላይ ቆመና ወደ ውስጥ አየ። በሩ አጠገብ የተሰበሰቡት ደግሞ እንደ ክፉ ዕጣ የልብስ ሰፊው ደንበኞች ነበሩ፤ ከዳር እስከ ዳር ኮት ብቻ። ሰውየው የሹራቡን ጫፍ ሳብ አደረገ። ከዚያ ግራ እግሩን ወደ ኋላ መለስ አደረገ።

ልብስ ሰፊው ከአትክልቱ ማዶ ሆኖ ያን እርምጃ አየ። ለካውም። ከአንድ ክንድ አይበልጥም፤ የሚከተለው ግን እስከ ቤቱ ይወስደዋል። ሮጠ። ስልሳ ዓመቱ ነው፣ ከሮጠ ስንት ዘመኑ፤ ወንበር ገጭቶ፣ ጫማ ሰፊውን ገፍትሮ በሩ ላይ ደረሰ።

ደረሰና ምን ሊል እንደመጣ ጠፋው። ይግቡ ቢለው ልመና ነው። ይቅርታ ቢለው ነገሩን ሰው ይሰማል። ቀለም ቀቢው ቆሞ ያየዋል፤ ኋላቸው ያሉት ኮቶች ሁሉ ያዩታል። ልብስ ሰፊው እያለከለከ ኮቱን አወለቀ። ዞር ብሎ አጥሩ ላይ ሰቀለው።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ሚስቱ ከሩቅ። «ጀርባህ! ኧረ ጀርባህ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ። ግራጫው፣ ቡናማው፣ ባለመስመሩ፣ ሁሉም ፀሐይ ላይ ወጣ። ዓይነ ሜትር ጆሮው ቀላ፤ ይሄኛው ግን የደስታ አልነበረም። ወደ ቀለም ቀቢው ሊዞር ፈራ።

«ይሄን ማን ነው የሰፋው?» አለ ቀለም ቀቢው ከኋላው።

«እኔ።»

«ዓይንህን ጨፍነህ ነው?»

ልብስ ሰፊው ዞረ። ሰውየው እየሳቀ ነበር። እጁ ስለማይነሳ እንባውን መጥረግ አቅቶት፣ አንገቱን ደፍቶ ፊቱን ወደ ጣቶቹ አቀረበ። «እርስዎ» ማለቱም ቀርቶ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ስሠራ ሰው የማያየውን ጥግ ትቼ አላውቅም» አለው። «አንተ ግን ታሪክህ ሁሉ ከኋላ ነው። በል ግባ፣ ፀሐዩ ሳይጨርስህ። እኔም ልግባ።»

ጎን ለጎን ገቡ፤ አንዱ በሹራብ፣ አንዱ በድንኳን። ከባለኮቶቹ አንዱ ከረባቱን ላላ አደረገ፤ ሌሎቹ ግን ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስላላወቁ እንደቆሙ ቀሩ። ሙሽራው አባቱን ሲያይ ገመዱን ጥሎ መጣ።

ልጅቷ ግን ወደ አባቷ ነው የመጣችው። ልታቅፈው ስትል እጇ ጀርባው ላይ ቆመ። ጣቷ አረንጓዴዋን ጨርቅ አገኘች። ጠርዟን እየተከተለ ዞራት።

«አባዬ፣ ይሄ የእኔ ዩኒፎርም አይደል?»

«ትራፊው ነው። አንደኛ ክፍል ስትገቢ ሰፍቼልሽ የተረፈው።»

«ከዚያ ጊዜ ጀምሮ? ሸሚዝ ይህን ያህል ይቆያል እንዴ?»

«ሸሚዙማ ያልቃል» አለ ልብስ ሰፊው ወደ መሬት እያየ። «ሲያልቅ እሷን እፈታትና አዲሱ ላይ እሰፋታለሁ።»

«ሁሉም ሸሚዝህ ላይ?»

«አንዲት ቁራጭ ብቻ ናት እኮ ያለችኝ። ያለችበት ሸሚዝ ታጥቦ እስኪደርቅ ኮት ብቻ ነው የምለብሰው።»

ፎቶ አንሺው መጥቶ ከፊታቸው ቆመ። ነጠላ ጫማውንም፣ ከረባቱንም፣ ሹራቡንም ተራ በተራ አይቶ ግራ የገባው ይመስላል።

«አባትየው ኮታቸውን ይልበሱ ወይስ እንዲሁ ይሁኑ?» አለ።

ልብስ ሰፊው ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ መልሱን እንደማያውቀውም ገባው። ልጁን አያት። ልጅቷ ፊቷን ወደ ካሜራው አዞረች፤ እጇን ግን ከጀርባው አላነሳችም።

«እንዲሁ» አለች።